«ሴት ልጅ አትሮጥም» የተባለበት ዘመን

(በማትናሳችን ለወላጆች በተዘጋጀው ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

  ከሥራ ደክማችሁ፣ እራት ሳትቀምሱ የመጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ስለዚህ ነገር አናንዛዛም። ሆኖም የያዝነው ጉዳይ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋልና በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ይህን ርዕስ ለምን እንደ መረጥን እንንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በሠፈራችን አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ቅርጫት ኳስ ሑግ ትመጣ ነበር። ስሟን አንጠራም። ከበዓላት በኋላ ቀረች። እቤቷ ሄደን እናቷን ብንጠይቃቸው ቡና አፍልተው አስቀመጡንና ሦስት ምክንያት ነገሩን። አንደኛ፣ ታናናሾቿን ከጋን የሚያመጣ ሌላ ሰው የለም። ሁለተኛ፣ ልብሱ ነውር ነው። ሦስተኛውን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሩን፤ «እንዲህ ስትዘል ኋላ መውለድ ቢያቅታትስ? ሰው ሲል ሰምቻለሁ» አሉ።

እኚህን እናት አልተቆጣናቸውም፤ ልንቆጣም አይገባንም። የሚሰጉት ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። ነገር ግን ከቤታቸው ስንወጣ እርስ በርሳችን ተያየን። ይህንን ቃል እኛ ቀደም ሲል አንብበነዋል። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ታሪክ ስንማር ያገኘነው ቃል ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በኒው ዮርክ የነበሩ ትልልቅ ሰዎች፣ ሐኪሞች ጭምር፣ ስለ ገዛ ሴቶች ልጆቻቸው ይህንኑ ይሉ ነበር። እንግዲህ ማንም ሰው «ይህ ፍርሃት ከኢትዮጵያ ያመጣችሁት ኋላ ቀርነት ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት። አውሮፓም አሜሪካም ይህ ፍርሃት ነበረባቸው። እኛ ዛሬ ማታ የምንነግራችሁ ፍርሃቱን ማን እንዳስነሣውና እነማን እንዳሸነፉት ነው።

ዘመናዊው የኦሎምፒክ ውድድር በ1896 በአቴና ሲጀመር አንዲት ሴት እንኳ አልተወዳደረችም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1900 በፓሪስ፣ ከአንድ ሺህ ገደማ ተወዳዳሪዎች መካከል ሴቶቹ 22 ብቻ ነበሩ። ከነሱ አንዷ እንግሊዛዊቷ ቻርሎት ኩፐር በቴኒስ አሸነፈች፤ የዚያን ጊዜ ሴቶች ቴኒስ የሚጫወቱት መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ቀሚስ ለብሰው ነበር። የኦሎምፒክን ውድድር ያስጀመረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ኩበርታን እንኳ ሴቶች እንዲወዳደሩ አይፈልግም ነበር። በ1912 በጻፈው ጽሑፍ ኦሎምፒክ ለወንዶች የተዘጋጀ መሆኑን፣ የሴቶች ድርሻም ለወንዶቹ ማጨብጨብ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል።

በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች የሚሰጡት ምክንያት ደግሞ ይህ ነበር፦ የሴት ሰውነት የተወሰነ ኃይል ብቻ አለው፤ ያንን ኃይል በሩጫና በዝላይ ካጠፋችው ለመውለድ አይተርፋትም ይሉ ነበር። ይህንን መርምረው፣ አወዳድረው ያረጋገጡት ነገር አልነበረም። አንዱ ከሌላው እየሰማ የሚደግመው ነገር ነበር። እንጨት ለቅማ፣ ውኃ ቀድታ፣ እህል ፈጭታ ዘጠኝ ልጅ የወለደችውን የገጠር ሴት አንዳቸውም አልጠየቋትም። እንደ እናቶቻችን ያሉትን ቢጠይቁ ኖሮ መልሱን ያኔውኑ ባገኙት።

ነገሩን ለመለወጥ ከተነሡት ሴቶች መካከል በመጀመሪያ ልትጠራ የሚገባት አሊስ ሚልያ ናት። በፈረንሳይ በናንት ከተማ በ1884 ተወለደች። ባሏ የሞተባት ገና በወጣትነቷ ነው። ራሷ ጀልባ ቀዛፊ ነበረች። በ1919 የፈረንሳይ የሴቶች ስፖርት ማኅበራት መሪ ሆነችና የኦሎምፒክን ኃላፊዎች «ሴቶችም በሩጫና በዝላይ ይወዳደሩ» ብላ ጠየቀች። አይሆንም አሏት። ምን ያደረገች ይመስላችኋል? እቤቷ ገብታ አላለቀሰችም፤ ደግማ ደጋግማም አልለመነችም። በ1921 ከሌሎች አገሮች ሴቶች ጋር ሆና የሴቶችን ስፖርት የሚመራ ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋመች። በነሐሴ 1922 ደግሞ በፓሪስ ከተማ «የሴቶች ኦሎምፒክ» የሚባል ውድድር አዘጋጀች። አምስት አገሮች ተካፈሉ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አለቀ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብም መጥቶ ተመለከተ።

የወንዶቹ ኃላፊዎች «ኦሎምፒክ የሚለው ስም የእኛ ነው» ብለው ተቆጡ። እሷም «ስሙን ውሰዱት፤ እኛን ግን አስገቡን» የሚል ድርድር ገጠመች። የውድድሩ ስም ተለውጦ በ1926 በስዊድን፣ በ1930 በፕራግ፣ በ1934 በለንደን ተደረገ። በድርድሩም ምክንያት በ1928 በአምስተርዳም ኦሎምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአትሌቲክስ እንዲገቡ ተፈቀደ። አሥር ጠይቀው አምስት አገኙ እንደሚባለው ሆነ እንጂ ሁሉም አልተሰጣቸውም። የተፈቀዱት የ100 ሜትር ሩጫ፣ የ800 ሜትር ሩጫ፣ የዱላ ቅብብል፣ የከፍታ ዝላይና የዲስከስ ውርወራ ብቻ ነበሩ። የእንግሊዝ ሴቶች «አምስት አይበቃንም» ብለው ቀሩ። ሌሎቹ ግን ሄዱ። በር በትንሹም ቢሆን ከተከፈተ ገብቶ ማስፋት ይሻላል ያሉት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ አንዲት የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ እንመጣለን። እንደኛው ከአገር ወደ አገር የሄደች ናትና በደንብ እንድታዳምጡን እንፈልጋለን።

ስሟ ፋኒ ሮዘንፌልድ ይባላል። አይሁዳዊት ናት። በ1904 መጨረሻ፣ ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው በየካተሪኖስላቭ ከተማ ተወለደች፤ ከተማይቱ ዛሬ በዩክሬን ዲኒፕሮ ትባላለች። ገና የታቀፈች ሕፃን ሳለች ወላጆቿ ይዘዋት ወደ ካናዳ ሄዱ። ያደገችው ባሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም። እሷም ካደገች በኋላ በ1922 ወደ ቶሮንቶ ሄዳ በአንድ የቸኮላታ ፋብሪካ ተቀጠረች። ቀን እየሠራች፣ ማታ በአይሁድ ሴት ወጣቶች ማኅበር ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር። ፀጉሯን አጭር አድርጋ ስለ ተቆረጠች ጓደኞቿ «ቦቢ» አሏትና በዚያው ስም ቀረች።

በዚያን ጊዜ ለሴቶች ተብሎ የተሰፋ የስፖርት ልብስ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ቦቢ የወንድሟን የዋና ቁምጣና የአባቷን ካልሲ አድርጋ ትሮጥ እንደ ነበር ይነገራል። እስቲ አስቡት! የአባቷ ካልሲ! በ1923 ለሌላ ጨዋታ በሄደችበት ጓደኞቿ ገፋፍተው የ100 ያርድ ሩጫ ውስጥ አስገቧት። ሮጠች፤ አንደኛም ወጣች። ከጎኗ ሮጣ የተሸነፈችው የካናዳ ሻምፒዮን የነበረችው ሮዛ ግሮስ ናት። ቦቢ ያን ቀን ማንን እንዳሸነፈች ያወቀችው ሰዎች ሲነግሯት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በቶሮንቶ ከተማ በቴኒስ አሸነፈች። በበረዶ ላይ ሆኪም ትጫወት ነበር።

በ1928 ካናዳ ስድስት ሴቶችን መርጣ ለአትሌቲክስ ወደ አምስተርዳም ላከች። ቦቢ ከስድስቱ አንዷ ነበረች። በ100 ሜትር ከአሜሪካዊቷ ቤቲ ሮቢንሰን ጋር ተናንቃ በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ወጣች። በዱላ ቅብብል ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በ48.4 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። ከሩሲያ የመጣው ስደተኛ ቤተሰብ ልጅ የካናዳን ባንዲራ አስቀደመች ማለት ነው።

ነገር ግን እኛ ከሁሉ የምንወድላት ሜዳሊያ ያላገኘችበትን ሩጫ ነው። በ800 ሜትር የምትሮጥ ጂን ቶምሰን የምትባል የ17 ዓመት ጓደኛ ነበረቻት። ልጅቱ እግሯን ታሟት ነበር። ቦቢ ለ800 ሜትር ተዘጋጅታ አልመጣችም፤ የገባችው ልጅቱን ለማበረታታት ነው። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ልጅቱ ደክማ ስትንገዳገድ ቦቢ ከኋላ ደርሳ ከጎኗ ሆነችና እያበረታታቻት አብራ ሮጠች። ልታልፋት ስትችል አላለፈቻትም። ልጅቱ አራተኛ፣ ቦቢ አምስተኛ ሆነው ገቡ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው በእኛ አገር «የእናት ልጅ» ይሉታል።

አሁን ደግሞ ከዚያው ሩጫ የተወለደውን ውሸት እንንገራችሁ። የዛሬው ንግግራችን ልብ ይህ ነውና አስተውሉ።

በዚያ የ800 ሜትር የመጨረሻ ውድድር የሮጡት ዘጠኝ ሴቶች ናቸው። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አንደኛ ወጣች። ጃፓናዊቷ ኪኑዌ ሂቶሚ ሁለተኛ፣ ስዊድናዊቷ ኢንጋ ጌንትሰል ሦስተኛ ሆኑ። ዘጠኙም ሮጠው ጨረሱ። በሙሉ ኃይላቸው ስለሮጡ ከመስመሩ በኋላ የወደቀች፣ ሣሩ ላይ የተቀመጠች፣ ትንፋሽዋን የምትሰበስብ ነበረች። ወንዶቹም ከእንዲህ ዓይነት ሩጫ በኋላ እንደዚያው ነው የሚሆኑት። በማግሥቱ ግን ጋዜጦች ሌላ ታሪክ ጻፉ። «ምስኪን ሴቶች ተዝለፍልፈው ወደቁ» አሉ። አንዱ ጸሐፊ የሮጡት አሥራ አንድ እንደ ነበሩና አምስቱ ሳይጨርሱ እንደ ቀሩ አድርጎ ጻፈ። ዘጠኝ የነበሩትን አሥራ አንድ ያደረገ ሰው ምን አይቶ ነው የጻፈው? ሌሎቹም ያንን እየተቀበሉ አስተጋቡት።

በዚህ ወሬ ምክንያት የ800 ሜትር ሩጫ ለሴቶች ከኦሎምፒክ ወጣ። ለስንት ጊዜ ይመስላችኋል? ለ32 ዓመት! በዚያ ሩጫ ጊዜ የተወለደች ሴት ልጅ፣ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት እስክታስገባ ድረስ በኦሎምፒክ ከ200 ሜትር በላይ የሚሮጥ ሴት አላየችም።

እናቶቻችን ሆይ፣ ይህንን ስናነብ ምን እንደ ተሰማን እንንገራችሁ። እኛ በ1984ና በ1991 በልጅነታችን ወደዚህ አገር የመጣን ነን። በሱዳን በኩል የመጣነው እናቶቻችን በሌሊት፣ ሕፃን በጀርባቸው አዝለው፣ ሌላውን በእጃቸው ይዘው፣ ለሳምንታት በእግራቸው ሲሄዱ አይተናል። አንዳንዶቹ እርጉዝ ሆነው ነው የሄዱት። በመንገድ የወለዱም አሉ፤ በመንገድ የቀሩም አሉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ታዲያ የሴት ጉልበት ለ800 ሜትር አይበቃም ያለውን ሰው እኛ እንዴት እንመነው? የእናንተን እግር ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም።

የ800 ሜትር ሩጫ ለሴቶች የተመለሰው በ1960 በሮም ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው በዚያው ኦሎምፒክ፣ በዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላም በሩ በአንድ ጊዜ አልተከፈተም። የ1500 ሜትር ለሴቶች የተጨመረው በ1972፣ ማራቶን በ1984፣ የ10 ሺህ ሜትር ደግሞ በ1988 ነው። የአርሲዋ ልጅ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ ሴቶች በዚያ ርቀት በኦሎምፒክ ሲወዳደሩ ገና ሁለተኛ ጊዜያቸው ነበር። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት እሷ ናት። በ1996 ደግሞ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን አሸነፈች። ከነሱ በፊት ስንት ደራርቱዎች፣ ስንት ፋጡማዎች የሚሮጡበት ውድድር ስላልነበረ ብቻ ሳይታወቁ ቀሩ? የአንድ ቀን ወሬ እስከዚህ ድረስ ይጎዳል። ስለዚህ «ሰው ሲል ሰምቻለሁ» ስንባል «ያ ሰው ከየት ሰማ? ማንስ አይቶታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ቀጥለን ስለ ልብስና ስለ አባቶች ጥቂት እንበል።

በኒው ዮርክ ቻርሎት ኤፕስታይን የምትባል አይሁዳዊት ነበረች። በፍርድ ቤት ቃል የምትመዘግብ ጸሐፊ እንጂ የስፖርት ሰው አልነበረችም። በ1917 ከጓደኞቿ ጋር የሴቶች የዋና ማኅበር አቋቋመች። ዓላማቸው ከሥራ በኋላ ሰውነታቸውን ለማፍታታት ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ስትዋኝ ረጅም ካልሲ ማድረግ ነበረባት። እርጥብ ካልሲ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። በ1919 የዚያ ማኅበር ዋናተኛ ኤቴልዳ ብላይብትሬ በባሕር ዳርቻ ካልሲዋን አውልቃ በመዋኘቷ በሕግ ተጠየቀች። በሚቀጥለው ዓመት ያችው ልጅ በቤልጂክ ኦሎምፒክ ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። የኤፕስታይን ብልሃት ይህ ነበር፦ ከሰዎች ጋር አትጣላም፤ ማኅበሩን በሥርዓት ትመራለች፤ ልጆቹን ትጠብቃለች፤ ወላጆች እንዲያምኗት ታደርጋለች። እኛም ከሷ የምንማረው ይህንን ነው። ወላጅ ልጁን የሚሰጠው ለሚያምነው ሰው ነውና።

በዚህ ማኅበር ውስጥ ካደጉት ልጆች አንዷ ገርትሩድ ኤደርሌ ናት። አባቷ ከጀርመን የመጣ ሥጋ ሻጭ ነው። በልጅነቷ ኩፍኝ ታማ ጆሮዋ ተጎድቶ ነበር። በ1926 በ20 ዓመቷ ከፈረንሳይ ተነሥታ ወደ እንግሊዝ ባሕሩን በዋና ለመሻገር ተዘጋጀች። ባሕሩ በጠባቡ ቦታ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውኃውም በረዶ ነው። ከሷ በፊት በዋና የተሻገሩት አምስት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሴት ግን አልነበረችም። እሷም ባለፈው ዓመት ሞክራ ሳይሳካላት ቀርቶ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን ጠዋት ገባች። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ እየበረታ ሄደ። በጀልባ የሚከተሏት ሰዎች ፈሩና «ይበቃሻል፣ ውጪ» አሏት። እሷ ግን «ለምን?» ብላ መለሰችና መዋኘቷን ቀጠለች። ከ14 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ በሌሊት እንግሊዝ ዳርቻ ወጣች። ከወንዶቹ ሁሉ ፈጣን ከነበረው በሁለት ሰዓት ገደማ ቀደመች።

እኛ ግን ለእናንተ ለአባቶች መንገር የምንፈልገው ጀልባው ላይ ማን እንደ ነበረ ነው። አባቷ ነበር። ሱቁን ትቶ፣ ያንን ሁሉ ባሕር አቋርጦ መጥቶ፣ ከጠዋት እስከ ሌሊት ጀልባው ላይ ሆኖ ልጁን ሲያይ ዋለ። እኅቷም አብራ ነበረች፤ የምትዋኝበትን ልብስ እንዲመቻት አድርጋ ያዘጋጀችላት እሷ ናት። አባቷ ስለ ዋና ብዙ ያውቅ ነበር ማለታችን አይደለም። መገኘቱ ግን በቃ። ገርትሩድ ኋላ ጆሮዋ ጨርሶ ሲደክም መስማት ለተሳናቸው ልጆች ዋና ታስተምር ነበር። ያረፈችው በ2003 በ98 ዓመቷ ነው። ስፖርት ዕድሜዋን አላሳጠረውም።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እስካሁን «ፍቀዱላቸው» ስንል ቆየን። አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እንናገራለን፤ ምክንያቱም እውነቱን ግማሽ አድርገን መናገር አንወድም።

በአንድ ትምህርት ቤት የሆነ ነገር ነው። አንዲት የእኛ ልጅ በሒሳብ ተጨማሪ እርዳታ እንዲሰጣት እናቷ ሊጠይቁ ሄዱ። መምህሩ ፈገግ ብለው «እሷ እኮ ሯጭ ናት፣ ኢትዮጵያዊት አይደለች? በዚያ በኩል እናበርታት» አሏቸው። እናትየው ምስጋና መስሏቸው አመስግነው ተመለሱ። እኛ ስንሰማ ግን አዘንን። ልጅቱ ሩጫ ትወዳለች፤ መልካም ነው። ነገር ግን «ኢትዮጵያዊት ስለሆነች እግሯ እንጂ ጭንቅላቷ አይታየንም» ማለት «ሴት ስለሆነች አትሮጥም» ከማለት የተለየ አይደለም። ሁለቱም ልጅቱን ሳያዩ የሚፈርዱ ናቸው።

እነዚያ የነገርናችሁ ሴቶች እግርና ክንድ ብቻ አልነበሩም። ቦቢ ሮዘንፌልድ አምስተርዳም በሮጠች በዓመቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ያዛት። ለወራት አልጋ ላይ ዋለች፤ ከዚያም ለአንድ ዓመት ያህል በምርኩዝ ሄደች። ድና እንደገና ተጫወተች፤ ሕመሙ ሲመለስባት በ1933 ስፖርቱን ተወች። ከዚያስ ምን አደረገች? ብዕር አነሣች። በቶሮንቶ ትልቅ ጋዜጣ ላይ ሃያ ዓመት ያህል ስለ ስፖርት ጻፈች፤ ለሴቶች ስፖርትም ተከራከረች። በ1950 የካናዳ ጋዜጠኞች የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ምርጥ ሴት ስፖርተኛ ብለው መረጧት። እግሯ ሲደክም ትምህርቷና ምላሷ ቀሯት።

ቻርሎት ኤፕስታይንም በ1936 በሂትለር በርሊን ለሚደረገው ኦሎምፒክ አልሄድም አለች። በቪየና በሐኮአሕ የአይሁድ ክለብ የምትዋኘው ዩዲት ዶይች በዚያው ዓመት ለኦስትሪያ ቡድን ተመርጣ ሳለ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር «አይሁድ በሚሰደዱበት አገር አልዋኝም» ብላ ቀረች። የዋና ፌዴሬሽኑ ከውድድር አገዳት፤ ክብረ ወሰኖቿንም ከመዝገብ ፋቀ። እሷ ከቤተሰቧ ጋር ወደዚህ ወደ አገራችን መጥታ እዚህ ዋኘች፤ እዚሁ ኖረች። ኦስትሪያውያኑ ይቅርታ ጠይቀው ክብረ ወሰኖቿን የመለሱላት በ1995 ነው። ከ59 ዓመት በኋላ! እንግዲህ ለልጆቻችን የምንፈልገው እንዲህ ያለ ሰውነት ነው፤ ጉልበትም፣ ዕውቀትም፣ «አይሆንም» የማለት ድፍረትም ያለበት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከዚህ ስንወጣ የምንሠራውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

ታናናሾችን ከጋን ማምጣት የሴት ልጅ ሥራ ብቻ አይሁን። በሳምንት ሁለት ቀን ወንድሟ ያምጣ፤ ወይም ሦስት ጎረቤቶች ተነጋግረው በተራ ያምጡ። በአገራችን ደቦ እናውቅ የለም እንዴ?

ስለ ልብስ ለሚያስባችሁ፣ ልጃችሁን ከማስቀረታችሁ በፊት ወደ አሠልጣኟ ኑ። ረጅም ሱሪና እጅጌ ያለው ልብስ አድርጎ መጫወት ይቻላል። ለሴቶች ብቻ የሆነ ሰዓት፣ ሴት አሠልጣኝም መጠየቅ መብታችን ነው። አሥር ወላጆች ሆነን አንድ ደብዳቤ ብንጽፍ ማትናሱ ይሰማናል። አንድ ሰው ቢጽፍ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ክፍያው ለከበዳችሁም እንደዚሁ ነው፤ ቅናሽ እንዲደረግ አብረን እንጠይቃለን። ደብዳቤውን በዕብራይስጥ የምንጽፈው እኛ ነን።

ስለ ጤና የምትሰጉ እናቶች፣ ጎረቤትን ሳይሆን በቁፓት ሖሊም ያለችውን ነርስ ጠይቁ። ብቻችሁን መሄድ ካስፈራችሁ አብረናችሁ ሄደን እናስተረጉማለን። ልጅቱ ሕመም ካለባት ሐኪሙ ይናገራል። ጤነኛ ከሆነች ግን ሩጫ አጥንቷንና ልቧን ያጠነክራል እንጂ ማሕፀኗን አይነካም። ደራርቱም ወልዳ ነው በ2000 በሲድኒ ሁለተኛ ወርቋን ያገኘችው።

ከሁሉም በላይ ግን አባቶች ሆይ፣ ጨዋታ ባላቸው ቀን ኑና ተመልከቷቸው። ሕጉን ባታውቁም፣ ዕብራይስጡ ባይገባችሁም ግድ የለም። ያ ሥጋ ሻጭ ጀልባው ላይ እንደ ተቀመጠው እናንተም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ልጅ ዞር ብላ አባቷን ስታይ የሚሰማትን እኛ እናውቀዋለን፤ አንዳንዶቻችን ዞር ብለን ያጣነው ስለሆነ።

ንግግራችንን በጀመርንበት ከተማ፣ በፓሪስ፣ እንፈጽም። በ1900 እዚያ የተወዳደሩት 22 ሴቶች ነበሩ። በ2024 ኦሎምፒክ ወደ ፓሪስ ሲመለስ ለሴቶችና ለወንዶች የተመደበው ቦታ እኩል ለእኩል ሆነ። በመክፈቻው ምሽት የአሊስ ሚልያ ወርቃማ ሐውልት በወንዙ ዳር ቆመ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ በሌላው ጊዜ የወንዶች የነበረውን የመዝጊያ ቦታ ይዞ የተሮጠው የሴቶች ማራቶን ነው። ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ኢትዮጵያ የተወለደችው ሲፈን ሐሰን አንደኛ፣ ለኢትዮጵያ የሮጠችው ትግስት አሰፋ ሁለተኛ ሆኑ። ለ800 ሜትር አትበቃም የተባለችው ሴት 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ ኦሎምፒኩን ዘጋችው።

ያቺ የሠፈራችን ልጅ ሻምፒዮን ትሆናለች ብለን ለማንም አንምልም። አትሁንም። ደስ ብሏት ትጫወት፣ ጓደኛ ታፍራ፣ ስትወድቅ መነሣትን ትማር፤ ይህ ይበቃናል። የሑጉ ምዝገባ በዚህ ሳምንት ይጀመራል። የእሷን ቦታ ለሌላ ሰው አልሰጠንም። እናቷ ዛሬ ማታ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉ፣ ያፈሉልንን ቡና አልረሳነውም፤ ነገ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ይዘን እንጠብቅዎታለን።